«በጆሮሽ ነው የምትማሪው» ያልኳት ልጅ

አራት ኪሎ አካባቢ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ስልጠና ላይ፣ ተማሪ በዓይኑ የሚማር፣ በጆሮው የሚማር፣ በእጁ የሚማር ተብሎ ይለያል ሲባል ሰማሁ። በጣም ደስ አለኝ። መጠይቅ አባዝቼ አስሞላሁና ክፍሉን በሙሉ መደብኩት።

አንዷ ጎበዝ ልጅ «የጆሮ» ወጣች። ስለ ልብ ያስተማርኩትን በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁላት። ፈተና ላይ ደም የሚዞርበትን ቅደም ተከተል አንድም ሳትስት ጻፈች። የልብ ሥዕል ላይ ክፍሎቹን ሰይሚ የሚለውን ጥያቄ ግን ባዶውን ተወችው። ጠርቼ ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ በጆሮሽ ነው የምትማሪው ብለውኝ የለ? ሥዕሉን አላየሁትም።»

ያን ቀን ታክሲ አልያዝኩም። ቃሏን እያሰብኩ እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ።

ከዚያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን መርምረው ነበር። ልጆች ምርጫ አላቸው። ግን እንደ ምርጫቸው ማስተማር ውጤታቸውን ያሻሽላል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኙም።

ሳስበው ነገሩ እኛም ቤት ነበር። የኔታ ዜማ ሲያስተምሩ ይሄ ልጅ የዓይን ነው፣ ያኛው የጆሮ ነው አይሉም። ዜማ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ልብ ደግሞ ቅርጽ አለው፤ ሳያዩት አይገባም። ዘዴውን የሚመርጠው ትምህርቱ ራሱ ነው።

ልጆች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። «በእጁ የሚማር» ብዬ የመደብኩት አንድ ልጅ ነበር። ችግሩ ለካ እንግሊዝኛው ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያንኑ ገጽ በአማርኛ ሳስረዳው ወዲያው ገባው። ያንን መጠይቄ አልነገረኝም። እንዲህ ያለውን ልዩነት ነው አስተማሪ መፈለግ ያለበት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋን። ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ ልብ ሣልኩ። ልጆቹ ደም ሆኑ። ደም ከሚቀበለው የላይኛው ክፍል፣ ከቀኝ ኤትሪየም፣ ደም ወደሚገፋው የታችኛው ክፍል፣ ወደ ቀኝ ቬንትሪክል፣ ከዚያ ሳንባ፣ ከዚያ ተመልሰው ወደ ግራ። የደረሱበትን ክፍል ስም ጮክ ብለው እየጠሩ ያልፋሉ።

ያቺ ልጅ ግራ ቬንትሪክል ላይ ስትደርስ ቆመች። አጎንብሳ መስመሩን አየችው።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ግድግዳው ለምን ወፈረ?»

አፌን ሳልከፍት ከኋላዋ የነበረው ልጅ ቀደመኝ፦ «ይሄኛው እኮ ደሙን እስከ እግር ጣት ድረስ ነው የሚገፋው!»