ጨዋ ነበራችሁ እኮ

ዛሬ ዓርብ ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 5፣ 2019። ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሰዓት ነው የቀረው፣ እኔ ግን ድስት እንኳ አልጣድኩም። ሰለሞን ተካ፣ እንደ እኛ ከኢትዮጵያ የመጣ አይሁዳዊ ልጅ፣ እዚህ እስራኤል ውስጥ በፖሊስ ጥይት ከተገደለ ወዲህ እንዲህ አድርጎኛል። ልወጣ ለባብሼ ቁጭ እላለሁ። ስልኬን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሐዘን ብቻ ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ይሄ ግን ንዴትም አለበት፣ ድካምም አለበት፣ ደግሞም አዲስ አይደለም። በ2015 እንዲሁ ነበርኩ፣ ባለፈው ጃንዋሪም እንዲሁ ነበርኩ። እንዳልለምደው ነው የምፈራው።

ውጪው ጭር ብሏል። ማክሰኞ ማታ ልጆቻችን ለተቃውሞ መንገድ ዘግተው በመስኮቴ የጎማ ጭስ ይገባ ነበር፣ አሁን መኪናው እንደልቡ ይሄዳል። መንገዱን ያስከፈተው ግን የፖሊስ ብዛት ወይም የድምፅ ቦምብ አይመስለኝም። የሰለሞን ቤተሰቦች ሰባቱ የለቅሶ ቀን እስኪያልፍ ሰልፉ ይቁም ብለው ለመኑ፣ አብዛኞቹ ልጆችም እሺ ብለው ገቡ። ይሄን ልብ ያለ ሰው ስንት ነው? ሁለት ቀን ሙሉ በዜና ሥርዓት የሌላቸው ሲባሉ የከረሙ ልጆች፣ የሐዘንተኛ ቃል ሲሰሙ ተመለሱ። ለቅሶ ያለበት ቤት የተናገረው ይከበራል። እዚህ አገር ተወልደው፣ አማርኛው እንኳ አፋቸው ላይ እየተሰባበረ፣ ይቺን አልረሷትም።

የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሑድ፣ ጁን 30፣ 2019፣ ማታ፣ ሃይፋ ከተማ፣ ቂርያት ሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ። ሰለሞን ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፣ ከቤተሰቡ ጋር ከኢትዮጵያ ከመጣም ብዙ ዓመት አልሆነውም። የተኮሰው ፖሊስ ሥራ ላይ አልነበረም፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መናፈሻ ወጥቶ ነው። ልጆች ሲጣሉ አይቼ ልገላግል ገባሁ፣ ድንጋይ ወረወሩብኝ፣ ለሕይወቴ ፈራሁ፣ የተኮስኩትም ወደ መሬት ነው ይላል። እዚያው ነበርን የሚሉት ደግሞ ሽጉጥ የሚያስመዝዝ ነገር አልነበረም ይላሉ። ሰውየው አሁን የቤት እስር ላይ ነው። ምርመራውን የያዘው ማሃሽ ነው፣ ፖሊሶችን የሚመረምረው የፍትሕ ሚኒስቴር ክፍል። በ2015 ሆሎን ውስጥ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ የተደበደበውን ወታደራችንን ታስታውሳላችሁ። ድብደባው በካሜራ ተቀርጾ አገር ሁሉ አይቶት፣ የፖሊሱ የወንጀል ፋይል ተዘጋ። እና አሁን ምርመራው እስኪያልቅ ታገሱ ሲሉን ምን እንደምናስታውስ አይጠፋቸውም ብዬ አስባለሁ።

ግን ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ምርመራው አልነበረም። ትናንት ሥራ ቦታ አብራኝ የምትሠራው ሴት ቡና ይዛ አጠገቤ መጣች። «ስለ ልጁ በጣም አዝኛለሁ» አለችኝ። አምናታለሁ፣ ዓይኗ ላይ ይታያል። ከዚያ ቀጠለችና «ግን እናንተ እኮ ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰዎች ነበራችሁ፤ ምን ነካችሁ?» አለችኝ።

ክፉ ሴት አይደለችም። እናቴ ሆስፒታል የገባች ጊዜ የእኔን ሥራ ደርባ የሠራችው እሷ ናት። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ በዚያ ሙቀት ሕፃን ልጅ ይዛ መኪና ውስጥ ለሰዓታት ቆማለች፣ ውሃ አልቆባት፣ ልጁ እያለቀሰባት። መናደድ መብቷ ነው። ምንም አልመለስኩላትም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን መልሱ እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ፣ እስካሁንም ይኸው አልተወኝም።

መቼ ነው ዝም ያልነው?

አጎቴ በ1984 በሱዳን በኩል ነው የመጣው፣ በእግሩ። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይነገራል፣ የአጎቴ ታናሽ እህት ከእነሱ አንዷ ናት። ያን ሁሉ አልፎ ሲደርስ የእስራኤል ዋናዎቹ ራቢዎች፣ የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎቹ፣ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ መንጻት አለባችሁ አሏቸው። ስንት ትውልድ ኢየሩሳሌም ኢየሩሳሌም ሲል ኖሮ፣ በሃይማኖቱ ስንቱን ተሸክሞ የመጣ ሰው፣ አንተ ማን ነህ ተባለ። በ1985፣ በበዓላቱ ሰሞን፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ቄሶች፣ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ገና አገሩን ለይተው ሳያውቁ፣ ቋንቋውን ሳይለምዱ። አጎቴ ስለ ሱዳን ጠይቄው አውርቶኝ አያውቅም፣ ስለዚያ ወር ግን እስከ ዛሬ ያወራል።

እኛ የመጣነው በ1991 ነው። ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ በአውሮፕላን የተጓጓዘ ጊዜ፣ እኔ እናቴ ጭን ላይ ነበርኩ። አባቴ እዚህ እንደመጣ ደም ሰጠ። ለዚህ አገር የምሰጠው ሌላ ምን አለኝ ብሎ ነው፣ ገንዘብ የለ፣ ቋንቋ የለ። በ1996 ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የእኛ ሰዎች የሚሰጡት ደም በኤች አይ ቪ ፍራቻ፣ ለእኛ ሳይነገረን ይጣል ነበር። ፊት ለፊት አመስግነው እየተቀበሉ ዞር ሲሉ ይጥሉታል። ጃንዋሪ 28 በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወጣ። አባቴም ነበረ።

አባቴን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጎረቤት ቆሻሻ በራችን ላይ ቢደፋ ጠርጎ ዝም የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ማታ ሲመለስ ሸሚዙ ተቀዷል፣ ከአስለቃሹ ጭስ ዓይኑ ቀልቷል። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ግን ፊቱን አልረሳውም። አላፈረም ነበር። እራቱን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ በማግስቱ ሥራ ሄደ፤ እና በማግስቱ ሥራ ቦታ እንደገና ያው ዝምተኛው ሰውዬ ሆነ። ምናልባት የእሱ አለቃም ምን ነካችሁ ብሎት ይሆናል።

ከዚያ 2015፣ ወታደሩ። ቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ፣ ፈረሰኛ ፖሊስ፣ የድምፅ ቦምብ። ከሱ በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በ2016 ደህና ወረቀት ወጣ፤ አዎ ዘረኝነት አለ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም አለ፣ በፖሊስም አለ የሚል፣ 53 ምክር ያለው። ስናነበው አለቀስን። በዚያው ዓመት የፖሊስ ኮሚሽነሩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ፖሊስ የእኛን ሰዎች ከሌላው አብልጦ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው ዓይነት ነገር ተናገረ። ጠበቅን። ዘንድሮ ጃንዋሪ ባት ያም ላይ የ24 ዓመት ልጅ፣ አእምሮው የታመመ፣ እናቱ እርዱኝ ብላ በጠራችው ፖሊስ ተገደለ። እንደገና ወጣን፣ እንደገና ገባን። ከዚያ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ በየጊዜው እንደ አዲስ ይገረማሉ። በየጊዜው ዝምተኞቹ ምን ነካቸው ነው።

ትንሹ ወንድሜ አሥራ አምስት ዓመቱ እያለ ሁለት ፖሊሶች ከቤታችን በር ላይ አስቆሙት። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያናግርህ ዓይንህን ዓይኑ ላይ አትተክልም፣ አንገትህን ደፋ አድርገህ ትሰማለህ። እንደዚያ አደረገ። «ምን ደብቀህ ነው የማታየኝ?» አሉት። ቦርሳውን አራግፈው ደብተሩን መሬት ላይ በተኑት። በሌላ ጊዜ ሲያስቆሙት ቀና ብሎ አያቸው። «ምን ታፈጣለህ?» አሉት። ማታ መጥቶ አባዬን «ታዲያ የት ልይ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ መልስ አልነበረውም። እኔም የለኝም። አንገት መድፋቱ ወንጀል፣ ቀና ማለቱ ድፍረት ከሆነ፣ አንድ ልጅ ፊቱን የት ነው የሚያደርገው?

የሚያናድደኝ የወላጆቻችን ዝምታ እንደ መስማማት መቆጠሩ ነው። ባንክ ቤት ሲገላመጡ፣ ክሊኒክ ከኋላቸው የመጣ ሰው ቀድሟቸው ሲገባ፣ የልጃቸው መምህር እንደ ሕፃን ጮክ ብላ ስታናግራቸው፣ የቻሉት ነገር ሁሉ ለልጆቻችን ይቃናል ብለው ነው። እኛ እንጎርብጥ፣ እነሱ ቀና ይበሉ ብለው ነው። ልጆቹ ደግሞ እንደተባለው ቀና አሉ። ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ይጠጡታል፣ ሕጉን ያውቃሉ፣ ሠራዊት ይገባሉ። ማክሰኞ መንገድ ላይ እጃቸውን እንደታሰረ ሰው አጣምረው ወደ ላይ ያነሱት እነዚህ ናቸው። እና አሁን ለምን እንደ አባቶቻችሁ አልሆናችሁም ይባላሉ።

መኪና ማቃጠሉን አልደግፍም። ይሄን ለወንድሜም ነግሬዋለሁ። ባለመኪናው ምን አደረገ? አንዳንዶቹ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሲያስጨንቁ በቪዲዮ አይቻለሁ፣ አልወደድኩትም፣ የሰለሞን ሐዘን እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ከ100 በላይ ፖሊስ ተጎድቷል፣ ከ130 በላይ ሰው ታስሯል ተብሏል። ከታሰሩት አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ እናቱ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሐዘናቸውን ገለጹና መንገድ መዝጋቱን አቁሙ አሉ። እሺ፣ ቆመ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ጃንዋሪ ላይ ብዙዎቻችን በሰላም ስንጮህ ነገሩ የሳምንት ዜና እንኳ አልሆነም። ሰሞኑን ግን መንገዱ ተዘግቶ ሦስት ቀን ሙሉ አገሩ ስለ እኛ አወራ። ይሄን ያየ የ17 ዓመት ልጅ ምን ይማራል? በቃ ንገሩኝ፣ ምን ብዬ ነው ሌላ ነገር ተማር የምለው?

ከሥራ ጓደኛዬ ጋር እሑድ ሥራ ስንገባ እገናኛለሁ። ስለ አጎቴ ልንገራት? ስለ ደሙ? ስለ ወንድሜ ደብተር? የቡና ሰዓታችን አሥር ደቂቃ ነው፣ ይሄ ደግሞ የ35 ዓመት ወሬ ነው። ደግሞ እኮ ቢደክመኝስ? ሁልጊዜ እኛ ነን የምናስረዳው። ግን ካልነገርኳት፣ ያው ዝም አልኩ ማለት ነው፣ በሚቀጥለውም ምን ነካችሁ ትለኛለች።

ሰኞ ሰባቱ ቀን ያልቃል። ወንድሜ አሁን ወታደር ነው፣ ለሰንበት ፈቃድ ተሰጥቶት ትናንት መጥቷል። ወታደር ሰልፍ መውጣት ክልክል ነው፣ እሱም ያውቃል። ትናንት ማታ ግን ጫማውን እያወለቀ «ሰኞ ከጀመሩ እወጣለሁ፣ የሚቀጡኝን ይቅጡኝ» አለ። አባዬ ሰማው። ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ፣ አየው፣ መልሶ ከፍ አደረገው። አትውጣ አላለውም። ውጣም አላለውም።

እኔ ከሌሊት ጀምሮ ልለምነው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው። አትሂድ ብዬ ብለምነው እንዳይሞትብኝ ፈርቼ ነው። ሂድ ብለውስ? በ1996 በዚያ ብርድ ጠዋት አባዬ ሲወጣ፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ለምናው ይሆን? ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።