ጉልበቴን እንዴት አፍታታሁት

አራት ኪሎ ሰፈር ልብስ መስፋት ከጀመርኩ 26 ዓመት ሆነኝ። ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ጥርት ይልና ሌሊቱ ይበርዳል፤ ያኔ ጉልበቴና ጣቶቼ ይያዛሉ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነበር የምራመደው። መርፌ ላይ ክር መሰካት አቅቶኝ ደንበኛዬ ፊት ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ሁሉም «ብርድ ገብቶብሽ ነው» አሉኝ። እኔም አምኜ ጉልበቴን በሱፍ ጠቅልዬ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ እሰፋ ነበር። ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ገዝቼ እውጥ ነበር፤ ሐኪም ሳያዝልኝ፣ አንዳንዴም በባዶ ሆድ። ሁለት ወር እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ጨጓራዬ ተቃጥሎ ሕክምና ሄድኩ። ሐኪሙ ኪኒኑ ጨጓራ እንደሚያቆስል፣ ኩላሊትም እንደሚጎዳ፣ እንደኔ ደም ግፊት ላለበት ደግሞ ይበልጥ እንደሚከፋ ነግሮኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ በእንቅስቃሴ ወደሚታከምበት ክፍል፣ ላከኝ።

እዚያ ያገኘኋት ልጅ ጉልበቴን አጥፋ ዘርግታ አየችና፣ «እናቴ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፣ ልጄ።»

«ብርዱ ያባብሰዋል እንጂ የሚያደርቅዎት መቀመጡ ነው።»

ወዲያው ሲንጀሬ ትዝ አለችኝ። በብርድ ጠዋት ዘይቷ ስለሚወፍር ፔዳሉን ከመርገጤ በፊት መዘውሯን በእጄ ቀስ አድርጌ አዞራታለሁ። ለመኪናዬ የማውቀውን ለጉልበቴ አላደረግሁም ነበር።

አሁን ከብርድ ልብስ ሳልወጣ ቁርጭምጭሚቴን አሽከረክራለሁ፣ እያንዳንዱን ጉልበቴን አሥር አሥር ጊዜ አጥፌ እዘረጋለሁ። ከዚያ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ (የፈላ አይደለም፣ ላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ቆዳም ያቃጥላል) በፎጣ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ 15 ደቂቃ አኖረዋለሁ። ቡናው እስኪፈላ ጣቶቼን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እያጠፍኩ እዘረጋለሁ። ቀጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ቀጥ አድርጌ አነሳና እስከ አምስት ቆጥሬ አወርዳለሁ፤ ይህም አሥር ጊዜ ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበት ሸክም ይቀንሳል። ሥራ ቦታ በየግማሽ ሰዓቱ እነሳለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ይኸኛው ነበር፤ ሥራ ሲጣደፍ መነሳት ያናድዳል። ግን ለውጡን ያመጣልኝ እሱ ነው።

ፍልውሃም እሄዳለሁ። መጀመሪያ ማታ ማታ እየሄድኩ ስወጣ ብርዱ ይቀበለኝና መልሼ እደርቅ ነበር። አሁን ፀሐይ ሳለ ሄጄ ውሃው ውስጥ እያለሁ እግሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ከውሃው ወጥቼ ወደ ውጭ ከመሄዴ በፊት ገላዬን በደንብ አደርቃለሁ።

ከሰል ግን ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ። አንድ ሌሊት በር ዘግቼ አንድጄ ራሴን ሲያዞረኝ በጭንቅ ነው የወጣሁት። ጭሱ ባይታይም የሚገድል ጋዝ አለው።

መገጣጠሚያችሁ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም የጠዋቱ መተሳሰር ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ በሙቅ ውሃ አትታገሉት፤ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ባለፈው ታኅሣሥ 7 ሥላሴ ሄድኩ። ሌሊቱ ብርድ ነበር። ሌላ ጊዜ ገና ቅዳሴው ሳይጋመስ መቀመጫ ፍለጋ ዓይኔ ይንከራተት ነበር። ያን ቀን መቋሚያዬን ተደግፌ፣ እግሬን ቀስ እያልኩ እያፈራረቅሁ፣ እስከ መጨረሻው ቆሜ አስቀደስኩ።