«ማን አስቀየመሽ?»

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ገና ሸኖ ሳንደርስ «ምነው ልጄ፣ ማን አስቀየመሽ?» አሉኝ። ማንም አላስቀየመኝም። የአፌ ጫፍና ጫፍ ወደ ታች የወረደ ነው፤ የእናቴም እንዲሁ ነበር። የሚገርመው፣ የምመለሰው ስለዚሁ ጉዳይ የቆዳ ሐኪም አማክሬ ነው።

ሐኪሟ መስታወት አስይዛኝ የአፌን ጫፎች ወደ ታች እንድስብ አዘዘችኝ። ከዚያ ከአገጬ ጎን የተወጠረውን ጡንቻ በጣቷ ነካች። የአፍን ጫፍ የሚጎትተው እሱ ነው። ቦቶክስ የሚባል መድኃኒት ጥቂት ሲወጋበት ይላላል፤ በቀናት ውስጥ መሥራት ይጀምርና ከ3 እስከ 4 ወር ያህል ይቆያል። ወደ አገጭ የወረደው መስመር ጥልቅ ከሆነ ግን ጡንቻ ማላላት ብቻ አይሞላውም፤ ለእሱ ፊለር የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የሚሠራ ሌላ መርፌ አለ። ቦቶክሱ ቦታውን ቢስት ፈገግታ ሊጣመም፣ ፊለሩ የደም ሥር ውስጥ ቢገባ ደግሞ የደም ዝውውር ሊዘጋ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። (በየውበት ሳሎኑ የሚወጉት ይህን ይነግሩ ይሆን?)

አልተወጋሁም። በየ4 ወሩ 130 ኪሎ ሜትር ለፈገግታ መመላለስ ከበደኝ። ምናልባት ከፋሲካ በኋላ።

ለእናትየዋ ሁሉንም ነገርኳቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ ደግሞ የአገራችን ብርድ የጨመደደሽ መስሎኝ!» አሉና ከጉያቸው አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ፤ «በይ ቆርጥሚ፣ አገጭሽም ሥራ አይፍታ።»