ላርክን በጆሮ መለየት፦ ለአዳማ ዙሪያ ሜዳዎች

ከአዳማ ወጣ ብሎ በወንጂም ሆነ በመተሐራ አቅጣጫ፣ አጨዳ ያለቀበት ማሳ ወይም አጭር ሣር ያለበት ሜዳ ላይ አፈር የሚመስሉ ትናንሽ ወፎች ከእግር ሥር ብድግ ይላሉ። ብዙ ሰው ድንቢጥ ብሎ ያልፋቸዋል። ወፍ ተመልካቾች ላርክ ይሏቸዋል። የእንግሊዝ ገጣሚዎች ያወደሷት ስካይላርክ ዘመዳቸው ናት፤ እሷ ግን የእኛ አገር ነዋሪ አይደለችም። የእኛዎቹ ገና ገጣሚ ይጠብቃሉ።

በላባ መለየት አድካሚ ነው። ቀለማቸው የሚኖሩበትን አፈር ይመስላል፤ ላባው ሲያረጅ ደግሞ ዝንጉርጉሩ ይደበዝዛል። ቀላሉ ጀርባው ቀይ ቡናማ የሆነው ስፓሮው ላርክ ነው፤ የወንዱ ሆድ ጥቁር፣ ጉንጩ ነጭ፣ ምንቃሩ ወፍራም ነው። ሌሎቹን በጆሮ መለየት ይሻላል። ሜዳ ላይ መቀመጫ ዛፍ የለም፤ ከሣር ሥር የወጣ ድምፅም ቶሎ ይታፈናል። ስለዚህ ወንዱ ከፍ ብሎ እየበረረ ይዘምራል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ በደቡብና በምዕራብ የአገራችን ክፍል የሚገኘው ፍላፔት ላርክ ነው። ከፍ ብሎ እየዞረ ክንፎቹን በፍጥነት ያማታል፤ ትርርር ይላል፣ ያቆማል፣ ይደግማል። የምቱ አከፋፈል እንደየአካባቢው ይለያያል፤ የጎረቤታሞቹ ይመሳሰላል፣ የሩቆቹ ይለያል። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚለው ተረት ለክንፍም ይሠራል!

ለመቅዳት ስልክ ይበቃል። አዳማ ላይ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው፤ የነፋስ ተርባይን የተተከለበት አገር ነውና። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሞክሩ፤ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ነፋሱም ይበረታል፣ ወፎቹም ዝም ይላሉ። ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ስልኩን በሰውነታችሁ ከልሉ፤ ማይኩን በቀጭን ስፖንጅ ሸፍኑ። ድምፅ የሚያጠራውን የስልክ ማስተካከያ አጥፉት፣ ቀጫጭኑን ዜማ እንደ ጩኸት ቆጥሮ ይሰርዘዋል። ሲያልቅ ቦታውንና ሰዓቱን በቃል ተናገሩ፤ ያለዚያ ቅጂው ለማነጻጸር አይሆንም።

የቀዳችሁትን እዚያው ደጋግማችሁ አታጫውቱ። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት ሥራውን ትቶ ሲዞር ይውላል። ጎጆው መሬት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከሣር ጉቶ ሥር ስለሆነ ወፍ ከቅርብ ብድግ ካለች ባላችሁበት ቁሙ፣ እግራችሁ ሥር ተመልከቱ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ነገሌ ቦረና አጠገብ የሊበን ሜዳ ላይ ያለው የሊበን ላርክ ከዓለም ሊጠፋ የተቃረበው ሣሩ በከብት ስለተጋጠና ሜዳው በቁጥቋጦና በእርሻ ስለተወረረ ነው።