አምስት ቃል

ዛሬ ፍሎረንስ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ፖስትካርድ ገዛሁ። የጣልያኗ ከተማ የሲየና ማዘጋጃ ቤትና አደባባዩ ነው፤ ጥቁርና ነጭ። አደባባዩን ዘጠኝ ቦታ የከፈሉት ነጫጭ መስመሮች እንኳ ይታያሉ። ድሮ ከተማዋን የሚያስተዳድሩት ዘጠኝ ሹማምንት ነበሩ፤ መስመሮቹ የእነሱ መታሰቢያ ናቸው ይባላል። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ማንጃ በሚባለው የማዘጋጃ ቤቱ ማማ ጥላ ውስጥ ቆመዋል። ባለፈው ሐምሌ እኔም እዚያው ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ማማው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1348 ነው። ስንቱን ትውልድ ከፀሐይ አስጠልሏል!

ካርዱን ገለበጥኩት። «ብዙ የፍቅር ሰላምታ ከሲየና» ይላል፤ በጣልያንኛ አምስት ቃል። ሌላ ምንም የለም።

«ምነው እንዲህ አጠረ?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው።

«ያኔ ከአምስት ቃል ካልበለጠ የቴምብሩ ዋጋ ይቀንስ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

አምስት ቃል! እኔ ለእማዬ በየቀኑ የድምፅ መልእክት እልካለሁ። ግን በእጄ የጻፍኩት፣ ትራሷ ሥር የምታኖረው ነገር ልኬላት አላውቅም።

ነገ አንድ ካርድ እገዛለሁ። አምስቱን ቃል ከአሁኑ እየመረጥኩ ነው።