የላችሁም

ዛሬ ከፍቶኝ ነው የነቃሁት። ያስከፋኝ አንድ ቃል ነው፤ ሲያወሩት ያሳፍራል።

ታናሿ እህቴ ትናንት ማታ ከዱብሮቭኒክ ፎቶ ላከች። የድንጋይ ከተማ፣ ቀይ ጣሪያ፣ ከግንቡ ሥር ባሕር። አስጎብኚ ሳትቀጥር፣ ካርታ ይዛ፣ ከአንዱ ምግብ ቤት ወደ ሌላው እየዞረች ስትቀምስ ነው የዋለችው። አንዱ ሳህን ላይ ከሰል የመሰለ ሩዝ አለ፤ ያጠቆረው የአንድ የባሕር እንስሳ ቀለም ነው አለችኝ። እኔም ቅናቴን ለመደበቅ የግንቡን ርዝመት ጠየቅኳት። 1,940 ሜትር። ደስ አለኝ። የእኛ የሐረሩ ግንብ፣ ጀጎል፣ ከሦስት ሺህ ሜትር ይበልጣላ! ይህንኑ ጻፍኩላት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ባሕር ግን የላችሁም።»

የላችሁም። «የለንም» አላለችም። የወለቀ ጥርሷን እዚሁ ቤታችን ጣሪያ ላይ ወርውራ ያደገች ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እኛን «እናንተ» ያለችው?

እልህ ያዘኝ። እኔም በገዛ ከተማዬ እንግዳ ሆኜ፣ ብቻዬን እየዞርኩ ልቅመስ አልኩ። በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሰባት ነገር ጻፍኩ። ደንብም አወጣሁ፦ የማውቀውን ሰው ሰላም አልልም፣ የምቀመጠው ለመብላት ብቻ ነው። ሐረር ውስጥ ሰው ሰላም ሳይሉ መሄድ እንደማይቻል እያወቅኩ።

ሸዋ በር አጠገብ ፈጢራ በሚባለው ስስ ቂጣ ጀመርኩ። እንቁላሉም ማሩም እንደወትሮው ነው፤ የተለየ ነገር ስላላገኘሁበት ምንም አልጽፍም። ከዚያ በፈረስ መጋላ አልፌ መኪና ግርግር ገባሁ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ ነው፤ ዛሬም ስሙን አላሳፈረም። ወረቀቴን እያየሁ ግድግዳ ግድግዳውን ስሄድ አንድ ሕፃን «ፈረንጆ!» ብሎ ጮኸ። ቱሪስት መጣ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ትልቁ ገበያ፣ ግድር መጋላ፣ ስደርስ ሳምቡሳ ገዛሁ። ሥጋ ተራው ይሸታል። የግመል ሥጋ ከፀሐይ ጋር ተደባልቆ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ የለመደው ሰው ልብ አይለውም፣ እኔ ግን ዛሬ እንግዳ ነኝና ልብ አልኩት። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታም ያኔ ትዝ አለኝ። ሰውየው በ14ኛው መቶ ዘመን ከኤደን ተሻግሮ በሶማሌ ጠረፍ ካለችው ዘይላ ወደብ ደርሶ ነበር። ከተማዋ ትልቅ ናት፣ ገበያዋም ትልቅ ነው፣ ግን ከዓሣው ብዛትና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የተነሣ ከዓለም እንደ እሷ የሚገማ ከተማ የለም አለ። ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። እንግዲህ ያ ነበር የእኛ ባሕር። ሐረር ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኝበት ዋና በሯ ዘይላ አልነበረችም እንዴ? እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እንኳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1855 መጀመሪያ ሐረር ሲገባ የተነሣው ከዘይላ ነው፤ መንገዱ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። በዚያ መንገድ ጨርቅ ይመጣል፤ ሩዝ፣ ቴምርና ስኳርም ይመጣል። እና ይህ የምንኮራበት ጣፋጭ ሐላዋ፣ ይህ የሠርጋችን ሩዝ፣ ባሕሩ በግመል ጀርባ ወር ሙሉ ተጉዞ...

እዚህ ላይ ጭላት ሳምቡሳዬን ከእጄ ወሰደችው። የሥጋ ተራው ሰዎች በጣም ሳቁ። የዚህ ከተማ ልጅ ሆኖ በዚህ ቦታ ምግብ ከፍ አድርጎ ይዞ የሚያስብ ማን ነው? ከዝርዝሬ ሁለተኛው ወደ ሰማይ ሄደ።

ሦስተኛውን ፍለጋ ስገባ፣ አዴ የምንላቸው የሰፈራችን እናት ከደጃቸው አዩኝ። ደንቡ እዚያው ፈረሰ።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ጠፋ በግ ግድግዳ የምትታከከው? ግባ!»

ጫማዬን አውልቄ ከፍ ባለው መደብ፣ ነደባው ላይ ተቀመጥኩ። ሁልበት መረቅ፣ የአብሹ ሾርባ፣ ቀረበ፤ ቀጥሎ ሆጃ። የቡና ገለባው ፈልቶ፣ ወተት ገብቶበት፣ ጨው ጠብ ብሎበት።

«ታናሽህስ? ደወለች?»

«ደውላለች። ባሕር ዳር ናት።»

«እሰይ! አገር ውስጥ ናት ለካ» አሉ። «ታዲያ ጎጃም ተስማማት?»

አላረምኳቸውም። «ተስማምቷታል» አልኩ። ለምን እንዳላረምኳቸው አላውቅም።

ሆጃውን ስጠጣ ግን ያ የግመል መንገድ ተመለሰብኝ። ዕቃው በመጣበት መንገድ ወደ ባሕር የሚሄደው ቡናችን ነበር። በርተን እንደጻፈው በሐረርም በየመንም የቡናው ፍሬ ለውጭ ገበያ የሚቀመጥ ነበር። ገለባውን ሴቶች ያፈሉታል። ወንዶች ቅጠሉን በምጣድ አምሰው፣ ወቅጠው ይጠጡታል፤ እሱ ቀምሶት ቀጠን ያለ ሰናመኪ፣ ያ ሆድ የሚያጸዳው ቅጠል፣ መሰለኝ ብሏል። (ይህን የቅጠል መጠጥ፣ ቁጢን፣ እንዲህ ያለ ሰው በሰላም አገሩ መግባቱ የእኛን ትዕግሥት ያሳያል።) ስሙ በዓለም የሚጠራ ቡና የሚያበቅል አገር ፍሬውን እየጫነ ልኮ፣ በቀረው ገለባና ቅጠል ሁለት መጠጥ ፈጠረ። ድህነት ነው እንዳልል ይጣፍጣል። ጥበብ ነው እንዳልል ፍሬውን ሌላው ጠጣው።

ፍሬው ወደ ባሕር፣ ገለባው ጓዳ። ታናሿ ፍሬ መሆኗ ነው ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ... እዚህ ላይ ዓይኔ እንባ ሊያቀር ሲል አዴ ሁለተኛውን ስኒ ሞሉልኝ። «ምን አንገትህን ትደፋለህ? ገለባ ሆድ አይጎዳም፤ ጠጣ!» አሉኝ። ሐሳቤን ሰምተው ይሁን ስለ መጠጡ ብቻ፣ እግዜር ይወቀው።

ከሰባቱ አራቱን ሳልነካ ተመለስኩ። ማታ ለእሷ ረጅም መልስ ጻፍኩ፦ ባሕር እንደነበረን፣ እንደሸተተ፣ ባቡሩ በጅቡቲ በኩል ሲመጣ ዘይላ እንደደከመች፣ ባቡሩ ተራራችንን ፈርቶ ድሬዳዋ እንደቀረ። አነበብኩት። የግምጃ ቤት ሪፖርት ይመስላል። አጠፋሁትና የሆጃውን ስኒ ፎቶ ላክሁላት። እስካሁን አልከፈተችውም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ከግንቡ ውጭ ጅቦቹ ጀምረዋል፤ ሆዴም ከውስጥ ይመልስላቸዋል። ገለባ ሆድ አይጎዳም ተብያለሁና ፈጢራውን እጠረጥራለሁ። አዴ ይህን ጊዜ ልጅቷ ጎጃም ገባች ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ነግረው ይሆናል። ነገ ሄጄ ላርማቸው ወይስ ይቅር፣ እዚያው አገር ውስጥ ትሁን?