በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ሥዕሎች፦ በባለቀለም ብርሃን የሚገለጥ ኅትመት

ወረቀቱ በቀን ብርሃን ሲታይ እርስ በርስ የተጠላለፉ ባለቀለም መስመሮች የሞሉበት ድብልቅልቅ ነው። ክፍሉ ጨልሞ ቀይ መብራት ሲበራበት ግን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ብቻውን ጥርት ብሎ ይወጣል፤ መብራቱ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ፏፏቴው ይጠፋና በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይተካዋል፤ በሰማያዊው ብርሃን ደግሞ በጮቄ ተራራ ላይ የተገተረ ጅብራ ይታያል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለማስተምራቸው የፊዚክስ ተማሪዎች እንዲህ ያሉ ኅትመቶችን ማዘጋጀት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ያየ ሰው ሁሉ ልዩውን ቀለም ከየት እንዳገኘሁት ይጠይቀኛል። ልዩ ቀለም የለውም። በማንኛውም ባለቀለም ፕሪንተር ውስጥ ያሉት ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ደማቅ ሮዝ) እና የሎ (ቢጫ) ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው፤ በጎጃም ከተሞች ባሉ ማተሚያ ቤቶች ሁሉ ሊሠራ የሚችል ነገር ስለሆነም ነው አሠራሩን በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት።

ነጭ ብርሃን በዋናነት የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ድምር ነው ብለን እንነሣ። የማተሚያ ቀለም ከራሱ ብርሃን አያመነጭም፤ ሥራው ከወረቀቱ ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ከሚመጣው ብርሃን አንዱን ክፍል መቀነስ ነው። ሲያን ቀዩን ይውጣል፣ ማጀንታ አረንጓዴውን፣ የሎ ደግሞ ሰማያዊውን። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ቀይ ብቻ ሲሆን ባዶው ወረቀት ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ማጀንታና የሎም ቀዩን ብርሃን እንደ ወረቀቱ ስለሚመልሱት ከወረቀቱ ተለይተው አይታዩም፤ ሲያን ግን የደረሰውን ቀይ ብርሃን ስለሚውጠው ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። በዚሁ መንገድ አረንጓዴው ብርሃን ማጀንታውን፣ ሰማያዊው ብርሃን የሎውን ያጠቁራል። ፏፏቴው በሲያን፣ ቀዛፊው በማጀንታ፣ ጅብራው በየሎ የታተሙት በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1861 የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ባቀረበው ትምህርት፣ የአንድን ባለቀለም ሪባን በሦስት የቀለም ማጣሪያዎች የተነሡ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች በየማጣሪያቸው እያሳለፈ ስክሪን ላይ በማደራረብ የሪባኑን ቀለማት መልሶ አሳይቶ ነበር። የዛሬው ባለቀለም ኅትመትም የአንድን ሥዕል ሦስት ክፍሎች አደራርቦ አንድ ያደርጋል። እኛ የምንሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ፈጽሞ የማይገናኙ ሦስት ሥዕሎችን በሦስቱ ክፍሎች ቦታ እናስገባና ብርሃኑ እንዲለያቸው እንተወዋለን። ሐሳቡን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቁት ሚላን የሚሠሩት ፍራንቼስኮ ሩጂ እና ሲልቪያ ኪንታኒላ ናቸው፤ ሁለቱ በካርኖቭስኪ ስም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እንስሳትንና ዕፅዋትን በሦስቱ ቀለማት ያደራረቡባቸውን የግድግዳ ወረቀቶች ሠርተዋል።

የቅኔ አገር ሰዎች ስለሆንን፣ ይህን ኅትመት ያየ ሁሉ ወዲያው ሰምና ወርቅ ይለዋል። ተመሳሳይነቱ ደስ ቢለኝም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። በቅኔ ወርቁ ከሰሙ ሥር ነው፤ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ገብቶ የተማረ ሰው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣዋል። እዚህ ግን በላይና በታች የሚባል ነገር የለም። ቀለሞቹ ብርሃን አሳላፊ በመሆናቸው የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ኋላ ቢታተም በውጤቱ ላይ እምብዛም ለውጥ የለውም፤ ሦስቱም ሥዕሎች በነጭ ብርሃንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ዓይናችን ፊት ናቸው፤ የሚሰውራቸው መጨናነቃቸው ብቻ ነው።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ ከሁሉ በፊት መጠበቅ ያለበት ፋይሉ ነው። ሦስቱ ሥዕሎች በፎቶሾፕ ወይም በመሰል ፕሮግራም በሲኤምዋይኬ ፋይል (በሲያን፣ በማጀንታ፣ በየሎና በጥቁር በተከፈለ የኅትመት ፋይል) ሦስት ቻናሎች፣ ማለትም የየቀለሙ ክፍሎች፣ ውስጥ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ የጥቁሩ ቻናል ባዶ ሆኖ ይቀራል። ፋይሉ በአርጂቢ (ስክሪን በሚጠቀምበት የቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አከፋፈል) ከተላከ የማተሚያው ሶፍትዌር ቀለም ለመቆጠብ ሲል ሦስቱ በሚገናኙበት ቦታ ጥቁር ይተካል፤ ጥቁር ደግሞ በየትኛውም ብርሃን ጥቁር ስለሆነ ሦስቱንም ሥዕሎች ያበላሻል። ስለዚህ ለማተሚያ ቤቱ ባለሙያ «ቀለሙን አያስተካክሉት፤ ፋይሉ እንዳለ ይታተም» ብሎ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት የመብራቱን ነጸብራቅ እየመለሰ ጥቁሩን መስመር ያደበዝዘዋል።

ብዙ ድካም የሚጠይቀው ጥላውን፣ ማለትም ተራው ሳይደርስ ደብዝዞ የሚታየውን ሌላ ሥዕል፣ ማጥፋት ነው። በገበያ ላይ ያለው ማጀንታ አረንጓዴውን ብቻ የሚውጥ ንጹሕ ቀለም አይደለም፤ ከሰማያዊውም የተወሰነ ይወስዳል። ሲያንም እንዲሁ ከአረንጓዴው ይሸራርፋል። ከሦስቱ ንጹሑ የሎ ነው። በዚህ የተነሣ በሰማያዊ ብርሃን ጅብራውን ስናይ ቀዛፊው እንደ ጥላ አብሮ ይታያል። መፍትሔው ገጹን በሙሉ በስስ የሎ መደብ መሸፈንና የማጀንታው መስመር በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ይህን መደብ መቀነስ ነው፤ ማጀንታው የሚወስደው ሰማያዊ ብርሃን ከመደቡ ከተቀነሰው ጋር ሲመጣጠን ጥላው ከዙሪያው ጋር ይመሳሰልና ይጠፋል። የመደቡ መጠን እንደ ቀለሙና እንደ ወረቀቱ ስለሚለያይ፣ ከ5 በመቶ እስከ 20 በመቶ ደረጃ በደረጃ የሚጨምሩ ትናንሽ ናሙናዎችን አሳትሞ በሰማያዊ መብራት ሥር ማወዳደር ይሻላል። በእርግጥ መደቡ የሥዕሉን ድምቀት በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሆኖም ንጹሕና ደብዘዝ ያለ ሥዕል ጥላ ካለበት ደማቅ ሥዕል ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የትኛው ሥዕል በየትኛው ቀለም ይታተም የሚለው ጥያቄ ከሥራው ሁሉ ይበልጥ የምወደው ክፍል ነው። የሎ በነጭ ወረቀት ላይ ልብ ሳይባል የሚታለፍ ፈዛዛ ቀለም ነው፤ ዓይናችን ብሩህነትን የሚመዝነው በአብዛኛው በአረንጓዴውና በቀዩ ብርሃን ስለሆነ የሰማያዊው መጉደል እምብዛም አይሰማውም። በሰማያዊ ብርሃን ግን ያው ፈዛዛ የሎ ጥቁር ይሆናል። ከሦስቱ ሥዕሎች በሚገባ የሚደበቀውም፣ ሲገለጥ ተማሪዎቼን የሚያስደንቃቸውም እርሱ ነው። ነገር ግን ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበሉት የዓይን ሕዋሳት ከቀለም ለዪ ሕዋሳት ሁሉ 10 በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ በእይታችን ማዕከላዊ ነጥብ ላይ ደግሞ ጭራሹን የሉም፤ ስለዚህ ቀጫጭን መስመሮች በሰማያዊ ብርሃን ይደበዝዛሉ። ለየሎ ጅብራን የመረጥኩት ከሩቅ የሚለይ ትልቅና ግልጽ ቅርጽ ስላለው ነው። የቀዛፊው ፊትና የደንገሉ እስር ጥቃቅን መስመሮች ያሉባቸው በመሆናቸው ዓይናችን በሚገባ በሚያይበት በአረንጓዴው ብርሃን እንዲገለጡ ማጀንታውን ሰጠኋቸው።

መብራቱ ባለሦስት ቀለም ኤልኢዲ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀዩ 630፣ አረንጓዴው 525፣ ሰማያዊው 465 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ያለውን ጠባብ ክፍል ብቻ ስለሚያበራ ሥዕሎቹን በንጽሕና ይለያቸዋል። በነጭ አምፖል ላይ የተጠቀለለ ባለቀለም ሴሎፎን ሌላውንም ብርሃን ስለሚያሾልክ ጥላው ይመለሳል። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ መብራት ቢጠፋ እንኳ ትምህርቱ አይቋረጥም፤ የስልክ ስክሪን በሙሉ በቀይ፣ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ተሞልቶ ወደ ወረቀቱ ሲጠጋ ለአንድ ቡድን ተማሪዎች በቂ ነው።

መምህራን ለሆኑ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ልጨምር። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያዳግታቸው ተማሪዎች በዚህ ትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአንድ ቀለም ብርሃን ሥር ሥዕሉን የሚሠራው የጥቁረትና የብሩህነት ልዩነት በመሆኑ እነርሱም ሦስቱንም ሥዕሎች ያያሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ቀይ ብርሃን ደብዝዞ ስለሚታያቸው፣ የፏፏቴው ተራ ሲደርስ ቀዩን መብራት ከሌሎቹ አጠንክሮ ማብራትና ዓይናቸው እስኪላመድ ጥቂት መታገሥ ይበቃል።